«ተቀላቀለ» እና «ጠራ»፤ ወደ ወንዝ ስለሚለቀቅ ከባድ ፍሳሽ በምንጽፍባቸው ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

፩. የሂሱ ርእሰ ነገር

ስለ ፋብሪካና ስለ ወንዝ የሚጻፉ የአማርኛ ጽሑፎች፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነዶችም ይሁኑ የማስተማሪያ ጽሑፎች ወይም የመገናኛ ብዙኃን ዘገባዎች፣ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ የሚደርስበትን ነገር ለመግለጽ በአብዛኛው አንድ ግስ ይበቃቸዋል። ፍሳሹ «ይቀላቀላል» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ እንደ ተነገረ ይቈጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው አንድን ደራሲ ወይም አንድን መጽሐፍ ሳይሆን ይህንኑ ልማድ ነው። ሂሳችን የሚያርፍበት ነጥብም አንድ ነው። አማርኛ መበረዝን፣ መጣራትንና መጥራትን የሚለይባቸው ቃላት እያሉት፣ የሙያ ጽሑፋችን ሦስቱን በአንድ «መቀላቀል» ሥር ስለሚያጠቃልላቸው ወንዙ ያልሠራውን ሥራ ሠርቷል ብሎ ይመሰክራል።

ይህን ለማሳየት የመረጥነው ጉዳይ በውሃ ምሕንድስና ውስጥ ራሱን የቻለ የጥናት ክፍል ነው፤ ከተቀባዩ ውሃ የከበደ ፍሳሽ ከቧንቧ ተገፍቶ ወደሚንቀሳቀስ ውሃ ሲገባ እንዴት እንደሚሰራጭና እንዴት እንደሚሳሳ ይመረምራል። በዓለም ላይ ጥናቱ የተስፋፋው ከባሕር ውሃ ጨውን እየለዩ የመጠጥ ውሃ የሚያመርቱ ጣቢያዎች መልሰው ወደ ባሕር የሚለቁትን ብርቱ ጨዋማ ውሃ ምክንያት በማድረግ ነው። የባሕር በር ለሌላት አገር ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቆዳ እስኪለፋ ድረስ እንዳይበሰብስ በጨው ይታሻል፤ በፋብሪካ ሲዘፈዘፍም ያ ጨው ከውሃው ጋር ይወጣል። ጥጥ በአንዳንድ ዘመናዊ ቀለሞች ሲነከርም ቀለሙ ከክሩ ጋር እንዲያያዝ ብዙ ጨው ይጨመራል። ስለዚህ ከወንዙ ውሃ የሚከብድ ፍሳሽ እኛም ዘንድ አለ።

ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ከተሞቻችን አንዷ ኮምቦልቻ ናት። የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የሥጋና የቢራ ፋብሪካዎች በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተቀራርበው ይገኙባታል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ትናንሽ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ቦርከና ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት በእነዚህ ሁለት ወንዞች ላይ ተካሂደው የታተሙ ጥናቶች የብረታ ብረትን ብክለት፣ በተለይም ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣውን ክሮሚየም፣ መርምረዋል። ቦርከና ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ወርዶ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል፤ ይህም ረግረግ በበጋ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰበሰቡበት ሣርና ውሃ ነው። ከዚያም አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል። እንግዲህ «ተቀላቀለ» የሚለው ቃል ትክክል መሆን አለመሆኑ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ከታች ሆኖ ውሃውን የሚጠጣና የሚያጠጣ ሰው አለ።

፪. የአንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራ

ልማዱን በአንድ ቦታ ለማየት እንዲመች የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተናል። ከማንም ጽሑፍ የተወሰደ አይደለም፤ ነገር ግን አንባቢ እንግዳ ይሆንበታል ብለን አናምንም።

«ፍሳሹ ከወንዙ ጋር ተቀላቅሎ ከመልቀቂያው በታች ይወርዳል፤ አምስት ሜትር ያህል ከሄደ በኋላም ውሃው ይጠራል።»

ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም፤ ንባቡም ቀና ነው። ችግሩ በአራት ቃላት ላይ ነው።

መጀመሪያ «ተቀላቅሎ» የሚለውን እንመልከት። «ቀላቀለ» አድራጊና ተደራጊ ያለው ግስ ነው። በ«ተ» ተነሥቶ «ተቀላቀለ» ሲሆን አድራጊው ይሰወራል፤ «ከወንዙ ጋር» የሚለው ሐረግ ሲታከልበት ደግሞ ፍሳሹና ወንዙ በእኩል ድርሻ የተገናኙ ሁለት ወገኖች ይመስላሉ። ስንት እጅ በስንት እጅ ተቀላቀለ? ማን ማንን አሳሳው? ለውጡ የደረሰው በየትኛው ላይ ነው? ግሱ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም። ጤፍና ገብስ በአንድ ስልቻ ቢቀላቀሉ፣ ሁለት ጉባኤዎች ቢቀላቀሉ፣ ቀለምና ውሃ ቢቀላቀሉ ቃሉ ለሁሉም እኩል ያገለግላል። ለብዙ ነገር ማገልገሉ በዕለት ተዕለት ንግግር ጥቅም ነው፤ በሙያ ቃልነት ግን ጉድለት ይሆናል።

ሁለተኛው «በታች» የሚለው ቃል ነው። ስለ ወንዝ ሲነገር «በታች» ማለት ውሃው የሚሄድበት ወገን ነው፤ «ከድልድዩ በታች ያለው መንደር» ስንል ይህን ማለታችን ነው። ስለ ጥልቀት ሲነገር ግን «በታች» ወደ ወለሉ የቀረበው ነው። ፍሳሹ ቀላል ሆኖ በውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፍ ቢሆን ኖሮ መንታነቱ ብዙ ባልጐዳ ነበር፤ የሚሰምጥ ፍሳሽ ግን በሁለቱም ፍቺ ወደ «ታች» ይሄዳል። «ከመልቀቂያው በታች ናሙና ይወሰድ» የሚል መመሪያ የተሰጠው ባለሙያ ሃምሳ ሜትር ወርዶ ከገጹ ላይ ቢቀዳ ታዟል፤ ከመልቀቂያው ሥር ከወለሉ ላይ ቢቀዳም ታዟል። ሁለቱ ጠርሙሶች ግን ስለ አንዱ ወንዝ ሁለት የተለያየ ወሬ ይዘው ወደ ቤተ ሙከራ ይገባሉ።

ሦስተኛው «ይወርዳል» ነው። የጨው መጠን ሲቀንስ «ወረደ» ይባላል፤ ጨዋማው ውሃ ወደ ወለሉ ሲሰምጥም «ወረደ» ይባላል፤ ወንዙ ይዞት ቁልቁል ሲሄድም «ወረደ» ይባላል። «ጨዉ ከአምስት ሜትር በኋላ ይወርዳል» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው አደጋው ቀለለ ብሎ ሊረዳ ይችላል፤ ጸሐፊው ግን ሊለው የፈለገው ጨዋማው ውሃ እዚያ ላይ ከወለሉ ደረሰ ነው። አንዱ የምሥራች ሲሆን ሌላው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቃሉ ግን አንድ ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው «ይጠራል» ነው። «ጠራ» ከግእዙ «ጸርየ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ በአማርኛ በመጀመሪያ የዐይን ምስክርነት ነው፤ ሰማይ ይጠራል፣ ጠላ ይጠራል፣ የደፈረሰ ወንዝ ይጠራል። «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለው ተረትም ይህንኑ ይናገራል። ጠላው ጠለለ ስንል አተላው ከጋኑ ሥር ተቀምጧል ማለታችን ነው እንጂ አተላው የለም ማለታችን አይደለም፤ ይህን የማታውቅ ጠማቂ የለችም። በሙያ ጽሑፋችን ግን «ጠራ» ከዐይን ምስክርነት ተነሥቶ የቤተ ሙከራ ምስክርነት ይሆናል። ከዚያም «ተጣራ» እና «ማጣሪያ» የሚሉት ዘመዶቹ ስላሉ፣ የጠራ ሁሉ የተጣራ፣ የተጣራም ሁሉ የጸዳ መስሎ ይታያል።

፫. የነገሩ አካሄድ

ስያሜ ከመስጠት በፊት የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባልና አካሄዱን ባጭሩ እንግለጽ።

ከወንዙ የከበደ ፍሳሽ ከወለሉ አጠገብ ካለ ቧንቧ አፍ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ተገፍቶ ይወጣል እንበል። በመጀመሪያው ርቀት ላይ የሚገዛው ግፊቱ ነው። የሚፈጥነው ፍሳሽ ከዳር እስከ ዳር በአዙሪት እየተጠቀለለ በዙሪያው ያለውን ንጹሕ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ በዚህም እየሰፋና እየዘገየ፣ ይዞት የወጣውም ጨው በብዙ ውሃ ላይ እየተከፋፈለ ይሄዳል። ሞርተን፣ ቴይለርና ተርነር የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1956 ባቀረቡት ግምት፣ ከዳር ወደ ውስጥ የሚሳበው ውሃ ፍጥነት ከፍሰቱ የመካከል ፍጥነት ጋር የተመጣጠነ ነው፤ እስከ ዛሬ ብዙው ስሌት በዚህ ላይ የቆመ ነው። ግፊቱ ሲደክም ክብደቱ ይገዛል። ፍሳሹ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ደርሶ ይታጠፍና ወደ ወለሉ ይሰምጣል፤ ወለሉን ከነካ በኋላም እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ስለሚሆን ሁለቱ ንብርብሮች በቀላሉ አይዋሐዱም፤ መሳሳቱም ይዘገያል።

ወንዙ የሚንቀሳቀስ ሲሆን ሌላ ኃይል ይጨመራል። የወንዙ ፍሰት የተገፋውን ፍሳሽ ወደ ግርጌ ያጐብጠዋል፤ በአጠቃላይም ከረጋ ውሃ ይልቅ ያሳሳዋል። ሮበርትስና ቶምስ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት የቤተ ሙከራ ጥናት ይህን በሰፊው መርምሯል። የአፈሙዙ አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተለቀቀ ከባድ ፍሳሽ በረጋ ውሃ ውስጥ ተመልሶ በራሱ ላይ ይወድቃል፣ ንጹሕ ውሃ መሳብ ሲገባው የራሱን ቆሻሻ መልሶ ይስባል። ስለዚህም መሐንዲሶች ወደ 60 ዲግሪ ያዘነበለ አፈሙዝ ይመርጣሉ።

ከዚህ መግለጫ ለቋንቋው ሥራ የምንወስደው ይህ ነው። በ«ተቀላቀለ» ውስጥ የተጠቀለሉት ተግባራት ቢያንስ አምስት ናቸው፤ ተገፍቶ መውጣት፣ በዙሪያ ያለውን ውሃ መሳብ፣ መሳሳት፣ መስመጥ፣ በወለል ላይ መዘርጋት። እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያትና ልክ አለው። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ጨውን ወይም ክሮሚየምን አያስወግድም።

፬. ስለ ስያሜዎቹ

በመጀመሪያ መልካሙን ማመስገን ተገቢ ነው። «ፍሳሽ»፣ «ዝቃጭ»ና «ብክለት» ቦታቸውን የያዙ ቃላት ናቸው። በተለይ «ዝቃጭ» በውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ሥር የሚቀመጠውን ጠጣር ነገር ያለ ማብራሪያ ያሳያል። «ድፍድፍ» ከጠላ ጋን ወጥቶ ያልተጣራ ነዳጅን እንዲሰይም መደረጉም የስያሜ ሥራችን ከሚኮራባቸው ምሳሌዎች አንዱ ነው፤ ቃሉ ከማእድ ቤት ሲወጣ ፍቺውን ይዞ ወጥቷል። የምናቀርባቸው ሐሳቦች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

ሀ. ተገፍቶ ስለሚወጣው ፍሰት። «ጄት» ብሎ መተው ይቻላል፤ ነገር ግን በአማርኛ ጄት አውሮፕላን ነው፤ «ከባድ ጄት» ቢባል አንባቢው ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥ አይፈረድበትም። «ፍንጣቂ» ቢባልም አይስማማም፤ የሚፈነጠቅ ውሃ በአየር ላይ ይበታተናል፣ ከውሃ በታች ያለው ግን ሳይበጠስ ነው የሚሄደው። ቋንቋው ያለው ሌላ ሀብት «ፊን አለ» ነው። ከጠባብ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣን ፈሳሽ በትክክል ይገልጻል። ከ«አለ» ጋር ከሚሄዱት ቃላት በ«ታ» ስም ማውጣት የተለመደ ነው፤ ዝም አለ ዝምታ፣ ጸጥ አለ ጸጥታ፣ ፈገግ አለ ፈገግታ፣ ከፍ አለ ከፍታ። በዚሁ መንገድ «ፊንታ» ብንል ከሕጉ አንወጣም።

ለ. ስለ ክብደቱ። «ወፍራም ፍሳሽ» ማለት ስሕተት ነው፤ ውፍረት የሚናገረው ስለ አለመፍሰስ ነው፣ ጨዋማ ውሃ ግን እንደ ማንኛውም ውሃ ቀጭን ሆኖ ይፈሳል፤ ከወንዙም ይልቅ የጠራ ሊሆን ይችላል። «ከባድ ውሃ» በኑክሌር ሳይንስ ሌላ ነገር ስለሚሰይም መደበኛ ስያሜ ሊሆን አይችልም። «አሉታዊ ተንሳፋፊነት» የሚለው ደግሞ የባዕዱን ቃል በቃል ገልብጦ፣ የማይንሳፈፈውን ነገር የመንሳፈፍ ዐይነት አድርጎ ያቀርባል። አማርኛ ለዚህ «ሰመጠ» የሚል ግስ አለው። «ዘቀጠ» ለጠጣሩ ይቅር፤ «ሰመጠ» ለፈሳሹ ይሁን። እንግዲህ «ሰማጭ ፊንታ» የሚለው ነገሩን ይሰይማል። ለመለኪያው «እፍግታ» እና «ጥግግት» ሁለቱም ይነገራሉ። «ጥግግት» ለቤቶችና ለሰዎች መቀራረብ ስለሚነገር፣ በአንድ ይዘት ውስጥ ለታመቀው ቁስ መጠን «እፍግታ» ቢለይለት ይሻላል እንላለን።

ሐ. በዙሪያ ያለውን ውሃ ስለ መሳብ። ይህ ተግባር በጽሑፎቻችን ስም አልባ ነው፤ ስም ስለሌለውም አይነገርም። ሰው አየር ወይም ጢስ ወደ ውስጥ «ማገ» ይባላል። ፊንታው ውሃ ይምጋል፤ ተግባሩም «ምገት» ቢባል ይገባል። ስሙ መሰጠቱ አንድ እውነት ያጋልጣል። የሚማገው ንጹሕ ውሃ ከሌለ መሳሳት የለም። በበጋ ወንዙ ሲመነምን ፊንታው የሚምገው ያጣል፤ «ይቀላቀላል» የሚለው ቃል ግን ለክረምቱም ለበጋውም አንድ ነው።

መ. ስለ መሳሳቱ። እዚህ ላይ ቋንቋው ከበቂ በላይ ነው። «በረዘ»፣ «ከለሰ»፣ «አቀጠነ»፣ «አሳሳ» ሁሉ አሉ። «ከለሰ» የፈላውን በቀዝቃዛ ማብረድንም ስለሚጨምር ለሞቃት ፍሳሽ ሊቀመጥ ይችላል። «አቀጠነ» ስለ ወጥና ስለ አጥሚት ሲነገር ውፍረትን መቀነስ ስለ ሆነ፣ ከላይ በተናገርነው ምክንያት አሳሳች ነው። «በረዘ» ግን በትክክል የሚፈለገው ነው፤ ማር በውሃ ይበረዛል፣ ብርዝም ይሆናል። በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደጋንም፣ ጠጅ የማይቀምሰውም ሰው ብርዝን ያውቃል። በብርዝ ውስጥ ማሩ አልጠፋም፤ በብዙ ውሃ ላይ ተከፋፍሏል። ብርዙ ቢበዛ እንጂ ማሩ አላነሰም። የሙያው ፍቺ ከዚህ አይለይም።

በ«ብረዛ» ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። አንደኛው፣ ቃሉ የማጭበርበር ሽታ አለው፤ ነጋዴ ዘይት ወይም ማር ሲበርዝ ይነቀፋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በአብዮቱ ዘመን «በራዥ» እና «ከላሽ» የፖለቲካ ስድብ ሆነው ስለ ነበር ቃሉ ለሳይንስ ገለልተኛ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘመኑ ጋር አልፏል፤ በዚያ ዘመን ያደጉ አንባቢዎች እንኳ ዛሬ ብርዝ ሲባል ስለ ርእዮተ ዓለም አያስቡም። አንደኛው ግን ክብደት አለው። መልሳችን ግሱ አድራጊና ተደራጊን እንድንለይ ያስገድደናል የሚል ነው። «ወንዙ ፍሳሹን በረዘው» እና «ፍሳሹ ወንዙን በረዘው» ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። የመጀመሪያው መሐንዲሱ የሚለካው፣ ሁለተኛው ከግርጌ ያለው ገበሬ የሚቀምሰው ነው። ጸሐፊው አንዱን በጻፈ ቁጥር ሌላውን ለመርሳት ይከብደዋል። ይህን ሽታ ከቃሉ ላይ ማጠብ አያስፈልግም።

ሠ. ስለ አቅጣጫ። በወንዙ ርዝመት «ራስጌ» እና «ግርጌ»፣ በጥልቀቱ «ገጽ» እና «ወለል» ቢባል መንታነቱ ይወገዳል። አራቱም የቤት ቃላት ናቸው፤ አዲስ የተፈጠረ የለባቸውም።

፭. ቁጥር ስለ መተርጐም

ስሕተቱ በቃል ብቻ ቢቀር ኖሮ ቁጥሩ ባዳነን ነበር፤ ነገር ግን ቁጥርም በቃል ነው የሚተረጐመው። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ቢበረዝ ብርዙ አራት እጅ ነው። ይህን አንዱ «1 ለ 3»፣ ሌላው «ከ4 አንድ»፣ ሦስተኛው «በሦስት እጥፍ ተበረዘ» ይለዋል። በምሕንድስናው ቋንቋ የብረዛ ልክ ጠቅላላው ይዘት ለመጀመሪያው ይዘት ሲካፈል ነውና መልሱ 4 ነው። ለትልልቅ ቁጥሮች ልዩነቱ ይጠባል፤ ከቧንቧው አፍ አጠገብ ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ «እጥፍ» በዚህ ቦታ ቢቀር፣ «ብረዛ 4» ወይም «ከ4 እጅ አንድ እጅ ፍሳሽ» ቢባል ስሕተት አይገባም።

ሌላው አደጋ ቁጥሩን ከነቅድመ ሁኔታው አለመተርጐም ነው። ሮበርትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በረጋና በቂ ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ በ60 ዲግሪ ለሚለቀቅ ሰማጭ ፊንታ የሰጧቸው ቁጥሮች በሰፊው ይጠቀሳሉ። የፊንታው ከፍታ 2.2፣ ወለሉን የሚነካበት ርቀት 2.4፣ እዚያ ላይ ያለው ብረዛ 1.6 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቧንቧው ስፋትና በእፍግታ ፍሩድ ቁጥር፣ ሦስተኛው በፍሩድ ቁጥሩ ብቻ ይባዛሉ። ይህ የፍሩድ ቁጥር የፊንታውን ግፊት ከክብደቱ ጋር የሚያነጻጽር ነው። በምሳሌ እንየው። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቧንቧ በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት የሚወጣ፣ ከተቀባዩ ውሃ በ1 በመቶ የሚከብድ ፍሳሽ ቢኖር (ይህ በሊትር 14 ግራም ያህል ተጨማሪ የገበታ ጨው የሟሟበት ውሃ ነው)፣ የፍሩድ ቁጥሩ 20 ያህል ይሆናል። ፊንታው 4.4 ሜትር ይነሣል፤ ከ4.8 ሜትር ርቀት ላይ ወለሉን ይነካል፤ እዚያም ብረዛው 32 ነው። ከአምስት ሜትር ባነሰ ርቀት 32 እጅ መበረዙ ተርጓሚን ደስ ያሰኘዋል፤ «አምስት ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ውሃው ይጠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ሊወለድ የሚችለው ከእንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ነገር ግን ለዮሌ፣ ወርቃ፣ በበጋም ቦርከና፣ 4.4 ሜትር የሚነሣ ፊንታ የሚያስተናግድ ጥልቀት የላቸውም። ፊንታው ከገጹ ጋር ይጋጫል፤ ምገቱም በአንድ ወገን ይዘጋል። ውሃውም የረጋ አይደለም፣ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ «በረጋ» እና «በቂ ጥልቀት ባለው» የሚሉትን ቅጽሎች ጥሎ ወደ አማርኛ ከገባ፣ ትርጉሙ ቃል በቃል ታማኝ ሆኖም ሐሰት ይናገራል። የሙያ ጽሑፍ ተርጓሚ ቅጽልን እንደ ጌጥ ሊያየው አይገባም፤ በዚህ ሙያ ቅጽሉ የስሌቱ አካል ነው።

፮. መደምደሚያ

የሙያ ቃላትን በተውሶ መቀበል ይበቃል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ሐሳባቸውን በከፊል እንቀበላለን። የፍሩድ ቁጥር ፍሩድ ይሁን፤ ክሮሚየምም ክሮሚየም ይሁን። የሰውና የንጥረ ነገር ስም ቢተረጐም ጥቅም የለውም። ውሃው የሚሆነውን ነገር የሚናገሩት ግሶች ግን ሌላ ናቸው። የግምገማ ሰነድ የሚጻፈው ለመሐንዲሱ ብቻ አይደለም፤ በስብሰባ ላይ ለነዋሪው ይነበባል፣ ነዋሪውም ሐሳቡን ይሰጥበታል ተብሎ ይጠበቃል። «ዳይሉሽን» የተባለለት ሰው መጠየቅ አይችልም። «ተቀላቀለ» የተባለለት የሚጠይቀው ነገር የለም። «ተበረዘ» የተባለለት ግን «በስንት እጅ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ከቤቱ ይዞ መጥቷልና።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ወንዙ ፍጻሜ ነው። ስለ ሰማጭ ፊንታ የተጻፈው አብዛኛው የውጭ ጽሑፍ ተቀባዩ ባሕር ነው ብሎ ይጀምራል፤ ባሕር በራሱ ጨዋማ ነው፣ ስፋቱም ከፍሳሹ ጋር አይነጻጸርም። ቦርከና የሚገባበት አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር አቋርጦ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ውሃው ይተናል፤ ጨዉ አይተንም። በመንገድ ላይ የተበረዘው ሁሉ በተፋሰሱ ውስጥ፣ በእርሻው አፈር፣ በወለሉ ደለል ወይም በሐይቁ ይቀራል፤ ክሮሚየምም ከደለል ጋር የመያያዝ ጠባይ አለው። ስለዚህ «ብረዛ»ን በ«ማጣራት» ቦታ መጠቀም በሌላ አገር ቸልተኛነት ቢሆን፣ እኛ ዘንድ ግልጽ ስሕተት ነው። «ተጣራ» የሚለው ቃል በካዩ ነገር ከውሃው ተለይቶ ለወጣበት ሥራ ብቻ ይጠበቅ፤ «ጠራ» ለዐይን ምስክርነት ይቅር፤ «ተበረዘ» ልኩ አብሮት ሳይጻፍ አይነገር።

በዚህ መሠረት ከላይ የመረመርነው ዓረፍተ ነገር፣ በቦታው ተለክቶ ብረዛው ለምሳሌ 20 ቢገኝ፣ እንዲህ ይስተካከላል።

«ከመልቀቂያው የወጣው ሰማጭ ፊንታ በዙሪያው ያለውን ውሃ እየማገ ወደ ወንዙ ግርጌ ይታጠፋል፤ አምስት ሜትር ያህል ርቆም ወለሉን ይነካል። በዚያ ቦታ ወለሉ ላይ ከ20 እጅ ውሃ አንዱ እጅ ፍሳሽ ነው። ገጹ ቢጠራም ፍሳሹ አልተጣራም።»

አዲሱ ዓረፍተ ነገር ከቀድሞው ይረዝማል፤ ለጆሮም እንደ ቀድሞው አይለሰልስም። ናሙና ቀጂው ግን ጠርሙሱን የት እንደሚያጠልቅ ያውቃል፤ ከግርጌ ያለውም ሰው ስለሚጠጣው ውሃ ምን እንደ ተነገረው ያውቃል። «ፊንታ» እና «ምገት» በሌላ የተሻለ ቃል ቢተኩ አንከፋም፤ ልዩነቶቹ ከተጠበቁ ስሞቹ ሊሻሻሉ ይችላሉ። «ተበረዘ»፣ «ተጣራ» እና «ጠራ» እንደ ገና አንድ እንዲሆኑ ግን አንስማማም።